ዘይት የሚያፈስ የቴስታታ ክዳን ጋስኬት በቤት ውስጥ እንዴት ይቀየራል

ዕድሜ በጠገበ መኪና ላይ ከሚያጋጥሙ የዘይት ፍሳሾች መካከል ባለቤቱ በራሱ እጅ ሊያስተካክለው የሚችለው ዋነኛው ከቴስታታው፣ ማለትም ከሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ የላይኛ ክዳን ሥር የሚወጣው ነው። በክዳኑ ሥር ገብቶ ፍሳሽ የሚያግደውን ጋስኬት፣ መካኒኮች በልማድ ጓርኒሲዮን የሚሉትን፣ ለመቀየር ሞተር ማውረድ ወይም መኪናውን በክሪክ ማንሳት አያስፈልግም፤ አራት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበት ተራ ሞተር ከሆነ ጀማሪም ቢሆን ግማሽ ቀን መድቦ ሊጨርሰው ይችላል። ሆኖም የሥራው ቀላልነት ብዙዎችን አታልሏል። አዲስ ጋስኬት ከገባላቸው በኋላ በሳምንቱ እንደገና ዘይት የሚያልባቸው ሞተሮች ጥቂት አይደሉም፤ ጥፋቱም ከጋስኬቱ ጥራት ይልቅ በደንብ ባልጸዳ ገጽና ያለ ልክ በጠበቀ ብሎን ላይ ይገኛል። በዚህ ምክንያት ይህ መመሪያ መፍታቱን ፈጠን ብሎ ያልፋል፤ በማጽዳቱና በማጥበቁ ላይ ግን ይቆያል።

ክዳኑ ቫልቮቹንና እነሱን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ካምሻፍቱን፣ ከላይ የሚሸፍን፣ ከቆርቆሮ፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ቆብ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ፓምፑ ወደ ላይ የላከው ዘይት በካምሻፍቱ ዙሪያ ይረጫል፤ ከዚያም በቴስታታው ቀዳዳዎች በኩል ወደ ታች ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው፣ ወደ ኮፓው፣ ይመለሳል። በክዳኑና በቴስታታው መካከል የተቀመጠው ጋስኬት ሥራው ይህን የሚረጭ ዘይት ማገድ ብቻ ስለሆነ ከባድ ግፊት አይሸከምም። ይህን ነጥብ በአእምሮ መያዝ ይጠቅማል፤ ብሎኖቹ ለምን በስሱ እንደሚጠብቁ የሚገባን በዚህ ነውና። ጋስኬቱ በቆዩ ሞተሮች ላይ ከቡሽ ወይም ከቡሽና ከጎማ ቅልቅል፣ በኋላ በመጡት ላይ ደግሞ ከጎማ ወይም ከሲሊኮን ይሠራል። መሞቅና መቀዝቀዝ ለዓመታት ሲፈራረቅበት ቡሹ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ጎማው ደግሞ እንደ ፕላስቲክ ይደድርና የተጫነበትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል።

ይህ ጋስኬት በቴስታታውና በሞተሩ ብሎክ መካከል ካለው ጋስኬት ጋር ሊምታታ አይገባም። ያኛው የሚነደውን ጋዝ፣ ውኃውንና ዘይቱን ለያይቶ የሚይዝ ሲሆን ሲበላሽ የራዲያተሩ ውኃ ያለ ምክንያት ይጎድላል፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ሳያቋርጥ ይወጣል፣ ሙቀቱም ከመጠን ያልፋል። እነዚህ ምልክቶች ካሉ እዚህ የተጻፈው ሥራ መፍትሔ አይሆንም። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ነጣ ያለ አረፋ በማግኘት ብቻ ግን መደንገጥ አያስፈልግም፤ አጫጭር ጉዞ ብቻ በሚሄድና በደንብ ሳይሞቅ በሚጠፋ ሞተር ውስጥ የሚጠራቀም እርጥበት ያንኑ አረፋ ይፈጥራል። አሳሳቢ የሚሆነው በመለኪያው ዘንግ ላይ የሚታየው ዘይት ራሱ ቡና በወተት ሲመስል ነው።

ፍሳሹ በእርግጥ ከዚህ መሆኑን ማረጋገጥ

ዘይት ከወጣበት ቦታ ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ መሬት ላይ የሚታየው ጠብታ ምንጩን አያሳይም። በሞተሩና በካምቢዮው መገናኛ ላይ ዘይት የሚያንጠባጥብ መኪና የክራንክሻፍቱ የኋላ ሲል (በዘንጉ ዙሪያ ዘይት የሚያግደው ቀለበት) ተበልቷል ተብሎ ካምቢዮው ከወረደ በኋላ፣ ጥፋቱ ከላይ ከክዳኑ የኋላ ጥግ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። የኋላው ጥግ ከመኪናው መከለያ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ስለሚቀመጥ ከፊት ቆሞ ለሚመለከት ሰው አይታይም፤ ትንሽ መስታወትና የእጅ ባትሪ ይዞ ማየት ግድ ይላል።

አስተማማኙ ዘዴ መጀመሪያ ማጠብ ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑን፣ የቴስታታውን ጎንና ከሥሩ ያለውን የብሎኩን ክፍል በቅባት ማስለቀቂያና በብሩሽ አጽድተው ያድርቁት። ከዚያ መኪናውን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነድተው በእጅ ባትሪ ብርሃን ይመልከቱ፤ ከሁሉም በላይ ያለው እርጥብ ነጥብ የፍሳሹ መነሻ ነው። ፍሳሹ በጣም ትንሽ ከሆነና ዓይን ካልለየው በደረቀው ገጽ ላይ የሕፃናት ፓውደር በስሱ ይነስንሱ፤ ዘይቱ በነጩ ፓውደር ላይ ጥቁር መስመር እየሠራ ራሱን ያጋልጣል። በዚህ አጋጣሚ በቅርብ ያሉትን ሌሎች ተጠርጣሪዎችም ማየት ይገባል፦ የዲስትሪቢውተሩን መቀመጫ ቀለበት፣ የካምሻፍቱን የፊት ሲል፣ የዘይት መሙያውን ክዳንና የዘይት ግፊት ስዊቹን።

የቴስታታው ክዳን ጋስኬት ሲያልቅ ዓይን ከማየቱ በፊት ብዙ ጊዜ አፍንጫ ይሰማዋል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከኮፈኑ ሥርም ስስ ጭስ ይታያል። ይህ የሚሆነው ዘይቱ በጋለው የጭስ ማውጫ ቱቦ ላይ ስለሚንጠባጠብ ነው፤ እሳትም ሊያስነሳ ስለሚችል ፍሳሹ በዚያ በኩል ከሆነ ሥራው ለሌላ ጊዜ አይተላለፍም። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ካንዴላዎቹ በክዳኑ መሃል ባሉ ጉድጓዶች ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የጉድጓዶቹ ሲል ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ውጭ ሳይታይ በውስጥ ይጠራቀምና ሞተሩ መንተባተብ ይጀምራል።

ከመፍታትዎ በፊት አንድ ተጨማሪ ነገር ይመርምሩ፤ የሞተሩን መተንፈሻ። በፒስቶኑ ፋሻዎች (ፒስቶኑን በሚከቡት የብረት ቀለበቶች) ጎን አልፎ ወደ ታች የሚሾልከው ጋዝ በመተንፈሻ ቱቦና በትንሽ ቫልቭ በኩል ወደ አየር መሳቢያው ተመልሶ እንዲቃጠል ይደረጋል። ይህ መንገድ ከተደፈነ ጋዙ በሞተሩ ውስጥ ይጠራቀምና ዘይቱን በደካማው ጋስኬት በኩል ይገፋዋል። እኔ በአንድ አሮጌ ሞተር ላይ በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጋስኬት ቀይሬ ሁለቱም ያፈሰሱት በዚህ ምክንያት ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ቱቦውን ስነቅለው እንደ እንጨት ደርቆ ነበር፤ በሽቦ ስቆረቁረው የጣት ርዝመት ያለው ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ቆሻሻ ከነቅርጹ ወጣ። ቱቦውና ቫልቩ ሲቀየሩ ያው ጋስኬት፣ ሁለተኛው፣ ሳይነካ ፍሳሹ ቆመ። ምርመራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፦ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን አንሥተው በአፉ ላይ ስስ ወረቀት ያስቀምጡ። መተንፈሻው ደኅና ከሆነ ወረቀቱ ወደ አፉ ይሳባል ወይም ባለበት ይረጋል፤ እየተነፋ ከተነሣ ግን ጋዙ መውጫ አጥቷል ማለት ነው፤ ወይም ፋሻዎቹ ራሳቸው አልቀዋል። ቫልቩን ነቅለው ሲያንቀጫቅጩትም በውስጡ ያለችው ትንሽ ክፍል መንቀጫቀጭ አለባት።

ዝግጅት

ጋስኬት ሲገዛ የመኪናውን ሞዴል ብቻ መናገር አይበቃም፤ አንድ ሞዴል በተለያዩ ዓመታት የተለያየ ሞተር ሊገጠምለት ስለሚችል በብሎኩ ላይ የተቀረጸውን የሞተር መለያ ይዞ መሄድ ይሻላል። የሚቻል ከሆነ ጋስኬቱን ብቻ ሳይሆን የካንዴላ ጉድጓዶቹን ሲሎች፣ በብሎኖቹ ሥር የሚገቡትን የጎማ ሮንዴላዎችና ግማሽ ክብ የሆኑትን የጎማ ውታፎች አንድ ላይ የያዘውን ሙሉ ስብስብ ይግዙ። እነዚህ ትናንሽ ጎማዎች ከጋስኬቱ ጋር እኩል ያረጁ ናቸው፤ አሮጌ ሮንዴላ በአዲስ ጋስኬት ላይ የሚያስከትለው ችግር ከዋጋው ጋር አይመጣጠንም።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ትንሽ ራቼት ከ8፣ 10 እና 12 ሚሊሜትር ቡሶላዎችና ከማስረዘሚያ ጋር፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የፕላስቲክ መፋቂያ፣ ብናኝ የማይለቅ ጨርቅ፣ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ፣ ዘይት የሚቋቋም የሞተር ሲሊኮን፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ ይበቃሉ። ከሁሉ በላይ ግን ዝቅተኛ ኃይል የሚለካ ቶርክ ሬንች ያስፈልጋል። ለጎማ ብሎን የሚያገለግለው ትልቁ ሬንች ከ10 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) በታች ያለውን አያነብም ወይም በትክክል አያነብም፤ በእሱ ለመጠቀም መሞከር ያለ መለኪያ ከማጥበቅ የባሰ ነው፤ በሌለ ነገር ላይ እምነት ያሳድራልና። የፍሬን ማጽጃውን በተመለከተ ክሎሪን ያለበት ዓይነት ሲሞቅ መርዛማ ጋዝ ሊያመነጭ ስለሚችል ክሎሪን የሌለበትን መርጦ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከእሳትና ከጋለ ብረት ርቆ መጠቀም ይገባል።

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ሌሊቱን ያደረ ሞተር ከሁሉም ይመረጣል። መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ ይነቀል።

ክዳኑን ማንሣት

አንድም ነገር ሳይነኩ በስልክዎ ከተለያየ አቅጣጫ ፎቶ ያንሡ። ከዚያ የአየር ማጣሪያውን ቤት፣ በክዳኑ ላይ የሚያልፉትን ቱቦዎችና ገመዶች ተራ በተራ ይንቀሉ። ሞተሩ ካርቡራተር ያለው ከሆነ የአየር ማጣሪያው ከተነሣ በኋላ አፉ ክፍት ስለሚሆን በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት። የካንዴላ ገመዶች የሚነቀሉት ከጫፋቸው ካለው ጎማ እንጂ ከገመዱ ተይዘው አይደለም፤ የት እንደነበሩ ካልተጻፈባቸውም ቅደም ተከተላቸው ይምታታል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ላይ በወረቀት ፕላስተር 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብለው ይጻፉ። ያረጀ የጎማ ቱቦ ሲጎተት ይሰበራል፤ መጀመሪያ በቦታው ላይ ግራና ቀኝ ጠምዘዝ አድርገው ካላቀቁት በኋላ ይሳቡት፤ እሺ ካላለ ጫፉን በቢላ ሰንጥቆ አዲስ ቱቦ መቀየር የብረቱን ወይም የፕላስቲኩን መግቢያ ከመስበር ይሻላል።

ክዳኑ ከመላቀቁ በፊት ዙሪያውንና የብሎኖቹን ጉድጓዶች በብሩሽና በታመቀ አየር ያጽዱ። በክዳኑ ከንፈር ላይ የተጋገረው አሸዋና አቧራ ክዳኑ ሲነሣ የሚወድቀው ቀጥታ በካምሻፍቱ ላይ ነው። የካንዴላ ጉድጓዶቹ ዘይት ካቆሩም ካንዴላዎቹ ገና ታስረው ሳለ በጨርቅ ወይም በመርፌ አልባ ሲሪንጅ መጥጠው ያውጡት፤ ካንዴላው ቀድሞ ከተፈታ ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል።

ብሎኖቹን ከዳር ወደ መሃል፣ እያንዳንዱን በመጀመሪያው ዙር ግማሽ ዞር ብቻ እያደረጉ፣ በሁለትና በሦስት ዙር ይፍቱ። ይህ በተለይ ለፕላስቲክና ለአሉሚኒየም ክዳን አስፈላጊ ነው፤ አንዱ ጎን ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ሌላው ታስሮ ሲቀር ክዳኑ ይጣመማል። ርዝመታቸው የተለያየ ብሎኖች ስለሚያጋጥሙ በካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ ሥለው እያንዳንዱን በየቦታው ይሰኩ። ከዚያም ክዳኑ አልነሣ ቢል መጀመሪያ የተረሳ ብሎን ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ከቱቦ ወይም ከገመድ መያዣ ሥር ተደብቆ ይገኛል። በእርግጥ የያዘው ጋስኬቱ ብቻ ከሆነ ጎኑን በጎማ መዶሻ ወይም በእንጨት ቁራጭ መታ መታ ያድርጉት። ካቻቪቴ በመሃል አስገብቶ መፈልቀቅ ክልክል ነው፤ በለስላሳው አሉሚኒየም ላይ የሚተወው አንድ ጭረት ለዘይቱ ቋሚ መተላለፊያ ይሆናል።

ክዳኑ ሲነሣ ውስጡን ለመመልከት ጥቂት ጊዜ ይውሰዱ። ወርቃማ ወይም ቡናማ ቀለም የያዘ ብረት በቆየ ሞተር ላይ የተለመደ ነው፤ በማንኪያ የሚዛቅ ጥቁር ዝቃጭ ካለ ግን የዘይት ቅየራው ለረጅም ጊዜ እየዘገየ እንደነበር ያሳያል። የቫልቭ ክፍተት በእጅ የሚስተካከልበት ሞተር ከሆነ ክዳኑ ከተነሣ አይቀር ክፍተቱን በመለኪያ ስለት ማየት ተገቢ ነው። ይህን ሳያዩ መዝጋት ለዚያ ሥራ ብቻ ጋስኬቱን ሌላ ጊዜ እንደገና ማንሣት ይሆናል።

ማጽዳት

ከመፋቅዎ በፊት ካምሻፍቱንና የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎቹን፣ በተለይም ከፊት በኩል ካምሻፍቱን የሚያዞረው የታይሚንግ ካቴና የሚያልፍበትን ሰፊ ክፍተት፣ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑ። ቁጥራቸውን ማስታወስ የሚቻል ጥቂት ትላልቅ ጨርቆች ከብዙ ትናንሽ ብጥስጣሾች ይሻላሉ፤ ውስጥ የተረሳ ጨርቅ ሞተር ይገድላል። በዚያ ክፍተት የወደቀ ብሎን ወይም ሮንዴላም የሚያርፈው ኮፓው ውስጥ ወይም ካቴናው ላይ ስለሆነ ሳይወጣ ሞተሩ ሊነሣ አይችልም።

የአሮጌውን ጋስኬት ቅሪት በፕላስቲክ መፋቂያ ያስለቅቁ። የብረት መፋቂያ፣ የብርጭቆ ወረቀትና በመሰርሰሪያ የሚሽከረከር ማጽጃ ዲስክ በአሉሚኒየም ላይ አይፈቀዱም፤ ዲስኩ ገጹን ማጎድጎዱ ሳያንስ የሚረጨው ጠጣር ብናኝ ወደ ዘይቱ ገብቶ ኩሽኔታዎችን ይበላል። በጣም ባረጁ መኪኖች ላይ አንዳንድ ጋስኬቶች አስቤስቶስ ይኖርባቸው ስለነበር በደረቁ ፈግፍጎ አቧራ ማስነሣት ለሳንባም አደጋ አለው፤ ቅሪቱን አርጥቦ ማለስለስ ይመረጣል። የደደረ ቡሽ በፍሬን ማጽጃ ረጥቦ አምስት ደቂቃ ከቆየ በኋላ በቀላሉ ይላቀቃል።

ችግሩ ሁሉ የሚደበቀው በጥጎቹ ነው። የፊት መሸፈኛው ከቴስታታው ጋር የሚጋጠምበት መስመርና የካምሻፍት መያዣው ከቴስታታው ገጽ የሚነሣበት ጥግ ላይ ቀደም ሲል የተቀባ ሲሊኮን ደርቆ ይቀራል፤ ቀለሙ ከብረቱ ጋር ስለሚመሳሰል ዓይን ያልፈዋል። ጣትዎን በዝግታ በገጹ ላይ ሲያስኬዱት ግን እንደ ጠባሳ ያደናቅፍዎታል። የኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ዓይንን ጨፍኖ ጥፍርን በዙሪያው ሁሉ ማስኬድ፤ ጥፍሩ የትም ካልተያዘ ገጹ ጸድቷል። ጋስኬቱ የሚቀመጥበት ቦይ በክዳኑ ላይ ካለም ውስጡን በእንጨት ስንጥርና በጨርቅ ያጽዱ፤ በቦዩ ሥር የቀረ ግማሽ ሚሊሜትር ቅሪት አዲሱን ጎማ ያንኑ ያህል ከፍ ያደርገዋል።

ቀጥሎ ክዳኑ ራሱ ይመረመራል። የቆርቆሮ ክዳን ከልክ በላይ በጠበቀባቸው ዓመታት በብሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ ከንፈሩን በልሙጥ መስታወት ወይም በጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት በቀዳዳዎቹ መካከል ብርሃን ያልፋል። በእንጨት ላይ ደግፈው ጉድጓዶቹን በመዶሻ በስሱ መልሰው ያስተካክሉ። ይህን ሳያደርጉ የሚገጠም ጋስኬት በብሎኖቹ ላይ ተጨፍልቆ በመካከላቸው ልል ይሆናል፤ ፍሳሹም በሳምንቱ ይመለሳል። የፕላስቲክ ክዳን ከሆነ በብሎኖቹ መቀመጫ ዙሪያ ስንጥቅ መኖሩን ይመልከቱ፤ የተሰነጠቀ ክዳን ይቀየራል እንጂ በሲሊኮን አይለጠፍም።

በመጨረሻ ሁለቱም ገጾች በፍሬን ማጽጃ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ተወልውለው ይድረቁ። ስፕሬዩን ቀጥታ ወደ ሞተሩ ውስጥ መንፋት ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ በጨርቁ ላይ ነፍቶ መወልወል ይሻላል።

መግጠምና ማጥበቅ

አዲሱን ጋስኬት ከአሮጌው ጎን አስቀምጠው ቀዳዳ በቀዳዳ ያመሳክሩ። የጎማ ጋስኬት በደረቁ ይገጠማል፤ ዙሪያውን ሲሊኮን መቀባት በቦዩ ውስጥ እንዲንሸራተትና እንዲጠማዘዝ ያደርገዋል፤ ወደ ውስጥ የሚተርፈው ሲሊኮንም ተቆርጦ ወደ ዘይቱ ወንፊት ሊሄድ ይችላል። የቡሽ ጋስኬት ግን ሲገጠም እንዳይንሸራተት በክዳኑ በኩል ብቻ በስሱ በማጣበቂያ ቢያዝ መልካም ነው። ሲሊኮን የሚያስፈልገው ሁለት የብረት ክፍሎች በሚጋጠሙባቸው ጥጎችና በግማሽ ክብ ውታፎቹ ሥር ብቻ ሲሆን መጠኑም የምስር ፍሬ ያህል ይበቃል። ሲሊኮኑ ከተቀባ በኋላ ገጹ ሳይደርቅ፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ጊዜ ውስጥ፣ ክዳኑ መቀመጥ አለበት። የካንዴላ ጉድጓዶቹ አዲስ ሲሎችም በዚሁ ጊዜ ከንፈራቸው በጥቂት ዘይት ረጥቦ ይገባሉ፤ በደረቁ ከገቡ ክዳኑ ሲወርድ ይታጠፋሉ።

የሸፈኑባቸውን ጨርቆች ቆጥረው ያውጡ። ክዳኑን ሳያንሸራትቱ ቀጥ አድርገው ያስቀምጡ፤ በመስታወትና በባትሪ ብርሃን የኋላውን ጎን ዞረው ጋስኬቱ ከቦዩ አለመውጣቱን ያረጋግጡ። ከዚያ ብሎኖቹን ሁሉ በጣት ብቻ እስኪቆሙ ድረስ ያስገቡ። በጣት የማይገባ ብሎን ጥርሱ ተንጋዶ ስለያዘ በቁልፍ ማስገደድ ሳይሆን አውጥቶ እንደገና ማስጀመር ነው።

አጠባበቁ የፈታነው ተገላቢጦሽ ነው፤ ከመሃል ተነሥቶ በግራና በቀኝ እየተፈራረቁ ወደ ዳር፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር። ትክክለኛው ኃይል በመኪናው የጥገና መጽሐፍ የተጻፈው ነው፤ ለ6 ሚሊሜትር ብሎኖች በአብዛኛው ከ5 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል። ይህ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለመረዳት እጀታው 15 ሳንቲሜትር የሆነ ራቼት ያስቡ፦ 9 ኒውተን ሜትር ለማግኘት በጫፉ ላይ የሚያስፈልገው ግፊት የ6 ኪሎ ክብደት ያህል ብቻ ነው። መዳፍን ሙሉ ዘርግቶ ክንድን የሚጠቀም ሰው ሳይታወቀው ከዚህ ሦስትና አራት እጥፍ ያልፋል። ራቼቱን ከጭንቅላቱ አጠገብ በሁለት ጣት መያዝ ይህን ፈተና ይቀንሳል።

ብሎኑ ከልክ ሲያልፍ አስቀድሞ ለእጅ ይናገራል። እየጠበቀ የመጣው ስሜት በድንገት ይለሰልሳል፤ ብሎኑ ይዞራል፣ ግን አይጠብቅም። በዚያች ቅጽበት ማቆም ነው፤ ወይ ብሎኑ እየተሳበ ነው፣ ወይ የአሉሚኒየሙ ጥርስ እየተላጠ ነው፤ ሌላ ሩብ ዞር ማለት ደግሞ አንገቱ ተቆርጦ ግማሹ ቴስታታው ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። በብዙ ሞተሮች ብሎኖቹ አንገታቸው ላይ ደረጃ አላቸው፤ ደረጃው ብረቱን ሲነካ ብሎኑ ይቆማል፤ ጋስኬቱም የሚፈለገውን ያህል ተጭኗል። ከዚያ በኋላ የሚደረግ ማጥበቅ ጋስኬቱን አይጨምቀውም፤ ብሎኑን ብቻ ይሰብራል።

ሞተሩን ማስነሣትና መከታተል

የተነቀሉትን ገመዶች፣ ቱቦዎችና የአየር ማጣሪያውን በፎቶው መሠረት ይመልሱ፤ በካርቡራተሩ አፍ ላይ የተደረገው ጨርቅ መነሣቱን ደግመው ይመልከቱ። ሲሊኮን ተጠቅመው ከሆነ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ሰዓት እስኪያልፍ ሞተሩን አያስነሡ፤ ብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ 24 ሰዓት ይጠይቃሉ። የዘይቱን መጠን በመለኪያው ዘንግ አይተው የጎደለውን ይሙሉ፤ ባትሪውን ያገናኙ።

ሞተሩ ሲነሣ የዘይት ግፊት መብራቱ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መጥፋቱን ይመልከቱ፤ ካልጠፋ ወዲያው ያጥፉት። በዝግታ እየሠራ በእጅ ባትሪ ብርሃን የክዳኑን ዙሪያ፣ በተለይ የኋላ ጥጎቹን፣ ይከታተሉ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ጭስ ቢወጣ ቀድሞ የፈሰሰው ዘይት እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል፤ ከሁለትና ከሦስት ጉዞ በኋላ ግን መጥፋት አለበት። ሞተሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የካንዴላ ገመድ ቦታው ተለዋውጧል ወይም አንድ የአየር ቱቦ ሳይገባ ቀርቷል።

ሞተሩ አንድ ጊዜ በደንብ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ የቡሽ ጋስኬት ትንሽ ስለሚሰምጥ ብሎኖቹን በዚያው መጠን በቶርክ ሬንች እንደገና ማለፍ ይገባል። የጎማና የሲሊኮን ጋስኬት ግን ይህን አይፈልግም፤ ላብ የመሰለ እርጥበት ቢታይበትም «ትንሽ ላጥብቀው» የሚለው ሐሳብ ወደ ተሰበረ ብሎን ይወስዳል። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ ዙሪያውን በደረቅ ነጭ ጨርቅ ይጥረጉና ጨርቁን ይመልከቱ። ንጹሕ ከሆነ ሥራው አልቋል፤ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ዘይት ከያዘ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን አንሥተው በጋስኬቱ ላይ የቀረውን የመጫን ምልክት ያንብቡ። ምልክቱ በደንብ በታተመበት ቦታ ጋስኬቱ ይዟል፤ ምልክቱ የሳሳበት ወይም የጠፋበት ቦታ ላይ ደግሞ ወይ ክዳኑ ጎብጧል፣ ወይ ከሥሩ ያልተፋቀ የአሮጌ ሲሊኮን ቅሪት አለ።